የድምፅ ውክልና

«ምን አድርጌሽ ነው?»

ጥያቄው በዝርዝሩ ውስጥ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ሰፍሯል። የጠያቂው ስም ቃሲም ሸረፋ፣ ዕድሜ ሰማንያ ሁለት፣ የቀድሞ ሥራ የባጃጅ ሹፌር። የተጠያቂዋ ስም ነጅዋ ቃሲም፣ ልጅ።

ነጅዋ የጥገና ጠረጴዛዋን ተደግፋ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ከታች ጀምራ ወደ ላይ። አባቷ ምን እንዳደረጋት አታውቅም። ክፉ የዋለባትን አንድ ቀን ለማስታወስ ሞከረችና አጣች። ታዲያ ሰውየው ሰባት ዓመት ሙሉ የጠየቀው ምኑን ነው?

ወርክሾፑ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ነጅዋ ትምህርቷን ጨርሳ ከደቡብ ኮሪያዋ ቡሳን ተመልሳ እዚህ ከገባች ስምንት ወር ሆኗታል። እዚህ የሚሠራው ዕቃ «መዋያ» ይባላል። አሻንጉሊት ብሎ መጥራት ክልክል እንደሆነ በሩ ላይ ተለጥፏል። የመርሳት ሕመም የተገኘበት አዛውንት ሁሉ ከቀበሌው አንድ መዋያ ይደርሰዋል፤ መዋያው የሚነደፈው እጁ ዕድሜ ልኩን ሲነካው ከኖረው ነገር ተነስቶ ነው። በዚያ ሳምንት ነጅዋ ፊት የተደረደሩት የአንዲት የባንክ ሠራተኛ ማኅተም፣ የአንድ ልብስ ሰፊ ፔዳልና የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ነበሩ። የማኅተሙ ወረቀት አያልቅም። የፔዳሉ ክር አይበጠስም። ፊሽካው የሚሰማው ለነፊው ብቻ ነው።

ሳቢያን ያለው ማረፊያ ውስጥ ሁለት መቶ አርባ አዛውንቶች ይኖራሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ ይበላሉ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሥራ ይገባል። ዳኛዋ ትፈርዳለች፣ ግንበኛው ይለስናል፣ አስተማሪው ሰሌዳ ያጠፋል። ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ይወጣሉ። ማታ የሚተኙት ደክሟቸው ነው። ከሌላ ከተማ ለጉብኝት የሚመጡ ሰዎች እዚህ ሲደርሱ ይገረማሉ፤ ድሬዳዋ ውስጥ እንደዚህ ሥራ የበዛበት ሌላ ሰፈር የለም።

ከመዋያው ጋር ውክልናው ይመጣል። ድሮ ሰው ቤት ለመሸጥ ወይም የመኪና ስም ለማዞር ውክልና ይሰጥ እንደነበር ነጅዋ ከአባቷ ሰምታለች። አሁን የሚወከለው ድምፅ ነው። ልጅየው ሪያድም ይኑር አዳማ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ ሁለት ሰዓት ያህል ያነባል፣ ይስቃል፣ ያስላል፤ ከዚያ ይፈርማል። ከዚያ ወዲያ እናቱ ስትጣራ በእሱ ድምፅ የሚመልስላት መዋያው ነው። የበዓል ውክልና አለ፤ የለቅሶ ውክልናም አለ። ድንኳን ውስጥ በተርታ የተቀመጡ ትናንሽ ሣጥኖች አንድ በአንድ «አላህ ያጥናችሁ»፣ «ነፍስ ይማር» ሲሉ መስማት ሰው ማስደንገጡን ካቆመ ቆይቷል።

የቃሲምን መዋያ የነደፈችው ነጅዋ ራሷ ናት። ቡሳን ሳለች የሠራችው የመጀመሪያዋ ነበር። የባጃጅ መሪ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል። ቀኝ እጀታው ሲጠመዘዝ ከእግር በታች ያለው ምንጣፍ እንደ ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ ፍሬኑ ሲረገጥ ይረጋል። ክላክስም አለው። የልጅቷ ድምፅ የሚወጣው ከፊት ሳይሆን ከወንበሩ ጀርባ ነው። ፕሮፌሰሯ ለምን ከኋላ እንዳደረገችው ጠይቃት ነበር። ነጅዋም «ተሳፋሪ ከኋላ ነው የሚቀመጠው» ብላ አለፈችው።

ነገሩ ከዚያ የረዘመ ነበር። እናቷ ከሞተች በኋላ ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው ከገንደቆሬ ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት አባቷ ነበር። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። የባጃጅ ጎን ክፍት ነው፤ ገና እንቅልፏን ያልጨረሰች ልጅ ደግሞ ልትወድቅ ትችላለች። ስለዚህ ቃሲም በየመታጠፊያው አንገቱን ሳያዞር «ነጅዋ!» ይላል። «ወዬ!» ትላለች። አልወደቅኩም ማለቷ ነው። የደቻቱን ድልድይ ሲሻገሩ እንደገና «ነጅዋ!»፤ እንደገና «ወዬ!»። ትምህርት ቤቱ በር ሲደርሱ «እዚህ ጋ አውርደኝ» ትለዋለች፣ እንደማንኛውም ተሳፋሪ። ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሶ ይመጣና ክላክሱን ሁለቴ ያስጮሃል።

ቡሳን በነበረችባቸው ዓመታት በየወሩ መጨረሻ አንድ መልእክት ይደርሳት ነበር። «አባትዎ ደህና ናቸው። በዚህ ወር ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ ጠርተውዎታል፤ ሁሉም ተመልሶላቸዋል። የስሜት ሁኔታ፦ የተረጋጋ።» እሷ ታነበውና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ጥሪውን እንጂ ጥያቄውን የሚጽፍላት አልነበረም። አሁን የመሪው እጀታ ላስቲክ አልቆ ለጥገና መጣ፤ ጠጋኝ ደግሞ ሙሉውን ዝርዝር ከፍቶ ማየት ይፈቀድለታል።

ከተቀዳው አንዱን አጫወተችው። የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ አባቷ።

«ነጅዋ!»

«አቤት አባዬ።» ድምፁ የራሷ ነው፤ የሃያ ሰባት ዓመቷ።

«አለሽ?»

«አለሁ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

ለአሥራ አንድ ሰከንድ ሞተሩ ብቻ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ኧረ ምንም! እርስዎ ምን ያደርጉኛል አባዬ?»

ቀረጻው እዚህ ላይ ያበቃል። ነጅዋ ሌላ አጫወተች፤ ሌላም። መልሱ ሁሉ ጨዋ ነው፣ ሁሉም ለስላሳ። ጥያቄው ግን ከዓመት ዓመት እያጠረ፣ ድምፁም እየወረደ ሄዷል።

ላስቲኩን ቀይራ መሪውን በዚያው ቀን ራሷ ይዛ ሳቢያን ሄደች።

የቃሲም ተንከባካቢ ሆዳን በር ላይ ተቀበለቻት። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። «አቦ ነጅዋ፣ እንኳን መጣሽ! ሰውየሽ ሁለት ቀን ሙሉ ደንበኞቼ ሊያመልጡኝ ነው እያለ አሳበደኝ።»

«ሆዳን፣ አባቴ ከልጁ ጋር ምን ሆኖ ነው?»

«ተኳርፈው ነዋ።»

«ማን ነው የተኳረፈው? ልጁ እኮ እኔ ነኝ!»

«አንቺ አይደለሽም። ያችኛዋ።» ሆዳን በአገጯ ነጅዋ የታቀፈችውን መሪ አሳየቻት። «ያችኛዋ እርስዎ ትለዋለች። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን፣ ወላሂ፣ ፍርድ ቤት የከሰሰችው ነበር የመሰለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ውጭ ስትማሪ የሠለጠንሽ መሰለኝ።» ሳቀች፤ የነጅዋን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። «አትቆጪኝ እንጂ እህቴ።»

አዲስ አበባ እርስዎ መባል ክብር ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ግን ልጅ አባቷን አንተ ትላለች፤ ሱቅ የገባ ሰው ባለሱቁን፣ ሕመምተኛ ሐኪሙን አንተ ይላል። ማንም ተናቅኩ ብሎ አይቆጣም። እርስዎ የሚባለው ዳኛ ፊት የቆመ ሰው ነው፤ ወይም ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ፤ ወይም የተኳረፉት ሰው። የተቀየመች ልጅ አባቷን አትሰድበውም። እርስዎ ትለዋለች፤ እሱም ይገባዋል። ነጅዋ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። የምታውቀውን የረሳችው መቼ እንደሆነ ግን ሊገባት አልቻለም።

ቃሲም ሽርጡን አገልድሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። መሪው ጠረጴዛው ላይ ሲታሰርለት አዲሱን ላስቲክ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል፣ ልጄ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የሰፈር» አለች ነጅዋ። ስምንት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ስትመጣ የምትለው ይህንኑ ነው። የማረፊያው ደንብ ውክልና በጸናበት ጊዜ ወካዩ በአካል ሲመጣ በእንግድነት ይምጣ ይላል። ሁለት ነጅዋ አንድ ክፍል ውስጥ መሆን ለአዛውንቱ አይበጅም። እሷም ደንቡን ሳትከራከር ተቀብላ፣ ከቀፊራ ገበያ ሃልዋ እየገዛች፣ እንግዳ ሆና ስትቀመጥና ስትሄድ ከርማለች። እንግዳ ሲኖር የመዋያው ድምፅ ይዘጋል። ዛሬ ግን ሆዳን አልዘጋችውም።

ቃሲም እጀታውን ጠመዘዘ። ምንጣፉ ተንቀጠቀጠ። ጥቂት ከነዳ በኋላ «ነጅዋ!» አለ።

ነጅዋ አፏን ከፈተች። የቀደማት ግን ከወንበሩ ጀርባ የወጣው ድምፅ ነበር። «አቤት አባዬ። እንዴት ዋሉ?»

ቃሲም እጁን ከእጀታው ላይ አነሳ።

«ሰማሽ?» አላት፣ ወደ እንግዳዋ ጠጋ ብሎ፣ ከኋላ ያለችው እንዳትሰማ ይመስል። «ልጄ ናት። ድሮ እንደዚህ አልነበረችም።»

«ምን አደረግካት?»

«እሱን እኮ ነው የማላውቀው። ባውቀው አፉ በይኝ እላት ነበር። ሳላውቅ ምኑን ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ? ሌላ ቅያሜ ሊጨምርብኝ ነው።»

ነጅዋ ወርክሾፕ ስትመለስ የድሬዳዋን መዋያዎች ሁሉ ዝርዝር ከፈተች። የልጅ ድምፅ የተጫነባቸው ስድሳ ሦስት ናቸው። በሃምሳ አንዱ ውስጥ ጥያቄው አለ፤ የቃላቱ ነገር ነው የሚለያየው። «ምን በደልኩሽ?» «አንተ ልጅ፣ አኩርፈህ ትቀራለህ?» «ሰው ምን ነገረሽ?» የሁሉም የወር መግለጫ ያው ነው፦ የተረጋጋ።

በማግስቱ ጠዋት የቋንቋ ክፍል ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ ቢሮ ገባች። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ እንግዳውን ሳያስቀምጥ የማይቀመጥ፣ የማይቆጣ ሰው ነው።

«አቶ ልዑልሰገድ፣ በድሬዳዋ መዋያዎች ላይ እርስዎ የሚለው ይነሳ። አንተና አንቺ ይሁን።»

«ይቀመጡ፣ ወይዘሪት ነጅዋ። ውሃ?» ብርጭቆውን ራሱ ሞላላት። «የሚሉት ይገባኛል። እኔም እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የአትክልት ሻጯ አንተ ስትለኝ ገና አልለመድኩትም። ግን ይህ የአክብሮት ደንብ ነው። አንድን ቃል ለመንካት ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ከክልሎች አስተያየት ይሰበሰባል፤ አሥራ አራት ወር ይፈጃል።»

«ደንቡን የጻፈው ሰው ድሬዳዋን አያውቃትም።»

አቶ ልዑልሰገድ ሰነዱን ፈልጎ ከፈተና ገጹን ወደ እሷ አዞረው።

«እኔ እንኳ የጻፉት እርስዎ ነዎት ብዬ ነበር የማስበው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ከገጹ ግርጌ ፊርማዋ አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «በአገራችን ልጅ ወላጁን በአንቱታ ያነጋግራል፤ ሲጠራም አቤት ይላል።»

ቀኑን አስታወሰችው። በዚያ ሳምንት ቡሳን ላይ ከኤምባሲ የመጣ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ነበራቸው፤ እሷም ሻይ ስትሰጠው «ስኳር ስንት ላድርግልህ?» ብላው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ተማሪዎች ለሦስት ቀን ሳቁባት። አንዱማ ድሬ ላይ ሽማግሌ አይኖርም እንዴ ሲል ጠየቃት። በአራተኛው ቀን ፕሮፌሰሯ ለመዋያዎቹ የቋንቋ ደንብ የሚሆን ቅጽ ሰጠቻት፤ በአገራችሁ ልጅ ወላጁን እንዴት ያነጋግራል ይላል። ነጅዋ የጻፈችው ቤቷን አይደለም። ሲስቁባት የነበሩትን ሰዎች ቤት ነው የጻፈችው። ቅጹን ስትመልስ ኩራት ቢጤ ተሰምቷት እንደነበር እንኳ አስታወሰች።

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ውክልናውን መሻር ይችላሉ። ያ በአንድ ቀን ያልቃል። ድምፁ ይጠፋል። አንዴ የተሻረ ውክልና ግን አይመለስም፤ ድምፁ መጥቶ ሲጠፋ፣ ጠፍቶ ሲመጣ አዛውንቱ ይታወካሉ። ከዚያ በኋላ መዋያው እንደ ስልክ ነው የሚሆነው። እሳቸው ስምዎን ሲጠሩ ስልክዎ ይጠራል፤ እርስዎም ሲፈልጉ መልእክት ይልካሉ።» ትንሽ አሰበ። «ግን ካልጠሩስ? ያስቡበት እንጂ። አሁን ቢያንስ የሚመልስላቸው አለ።»

«አሁን የሚያኮርፋቸው ነው ያለው» አለች ነጅዋ። አባቷን አንቱ ማለቷን የሰማችው ከበሩ ከወጣች በኋላ ነው።

የውክልና ጽሕፈት ቤት ሰልፉ አጭር ነበር። ከፊቷ የቆመው ሰውዬ ሳቁን ብቻ ሊወክል መጥቷል፤ እናቱ ከቀልዷ በኋላ የሚስቅላት እንዳይጠፋ። ተራዋ ሲደርስ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«የሚሻርበት ምክንያት?»

«ኩርፊያ።»

«ከማን ጋር?»

«ከአባቴ።»

«አንቺ ነሽ ያኮረፍሽው ወይስ እሱ?»

«ማናችንም።»

ጸሐፊዋ ይህን ጊዜ ቀና አለች። «አቦ አትቀልጂብኝ፤ ሰው እየጠበቀ ነው። ‹የግል› ብዬ ልጻፈው?»

«ጻፊው።»

ድምፁ በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጠፋ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነጅዋ ሳቢያን ነበረች። ሥራ ገብተዋል፤ ከግራ በኩል የግንበኛው የልስን ማንኪያ፣ ከቀኝ የማኅተሙ ምት ይሰማል። ዱካ ወስዳ ከቃሲም ወንበር ጀርባ፣ ድምፁ ይወጣበት ከነበረው ቦታ ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። ከዚህ የሚታየው ማጅራቱ ብቻ ነው። የልጅነቷን መንገድ ሁሉ ያየችው በዚህ ማጅራት ግራና ቀኝ ነበር። ያኔ ጥቁርና ወፍራም ነበር፤ አሁን ሁለት ጅማት ቀርቶታል።

ቃሲም ነዳ። አካሄዱን ከትከሻው ታውቀዋለች፤ ግራው ሲወርድ የገበያው መታጠፊያ ነው፣ ቀኙ ሲወርድ ደቻቱ።

ቀኙ ወረደ።

«ነጅዋ!»

ምላሷ ላይ የመጣው «አቤት» ነበር። ነክሳ መለሰችው።

«ወዬ!»

ምንጣፉ ረጋ። ቃሲም ፍሬን ረግጧል። አንገቱን ግን አላዞረም፤ እየነዳ ዞሮ አያውቅም።

«ምን አልሽ?»

«ወዬ አልኩህ።»

«ድገሚው።»

«ወዬ አልኩህ እኮ አባዬ! አትሰማም እንዴ?»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መስሏት ልትነሳ ስትል ሳቁ ወጣ። «ደንቁረሃል በይኝ እንጂ፣ አንቺ ባለጌ! ደንቁረሃል በይኝ!» እጀታውን መልሶ ጠመዘዘ። ትንሽ ነዳ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተቀይመሽኝ ነበር አይደል?» አለ።

ነጅዋ ኧረ በፍጹም ልትል ነበር። ያ መልስ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተሰጥቷል።

«አዎ» አለች።

«ይኸው! አላልኩም?» የተገላገለ ሰው ድምፅ ነበር። «ምን አድርጌሽ ነው?»

ሆዳን በሩ ላይ የሰሃን ቁልል እንደያዘች ቆማለች። ነጅዋ የአባቷን ማጅራት እያየች ሰበብ ፈለገች፤ ልጅ የምትቀየምበት ዓይነት፣ አባት ይቅርታ ሊጠይቅበት የሚችል።

«አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሳትመጣ ቀረህ። ልጆቹ ሁሉ ሄዱ። በሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ ክላክስህን ስጠብቅ ዋልኩ።»

እንደዚህ ያለ ቀን አልነበረም። ቃሲም አንድ ቀን እንኳ ዘግይቶ አያውቅም።

«ቀረሁ?» አለ። «እኔ?» አንድ መታጠፊያ ነዳ። «ጎማ ተንፍሶብኝ ይሆናል። አፉ በይኝ፣ ነጅዋዬ።»

«አፉ ብያለሁ።»

«ከልብሽ?»

«ከልቤ አፉ ብዬሃለሁ፣ አባዬ።»

ከዚያ በኋላ እስከ ትምህርት ቤቱ ሦስት ጊዜ ጠራት፤ ሦስቴም ወዬ አለች። አራተኛውን ስትጠብቅ ሁለቱም ትከሻዎቹ ወደ ኋላ ተለጠጡ። የትምህርት ቤቱ በር ነው። ነጅዋ ሳታስበው፣ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሚባለው እሱ ስለሆነ ብቻ፣ አለችው፦

«እዚህ ጋ አውርደኝ።»

ቃሲም ፍሬን ያዘ። «ደህና ዋይ። በስድስት ሰዓት እመጣለሁ፤ ዛሬ አልቀርም።» ጠበቀ። መውረዷን እየጠበቀ እንደሆነ ሲገባት ከዱካው ላይ ተነሳች። ምንጣፉ እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ ቃሲም ሄደ። ሆዳን ሰሃኖቹን ወንበር ላይ አስቀምጣ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

በስድስት ሰዓት ሁሉም ለምሳ ወጣ። ቃሲም ሁለት ሰሃን በላ።

በዚያ ሳምንት የነጅዋ ስልክ አልጠራም። ወርክሾፕ ስትሠራ ጠረጴዛው ላይ፣ ስትታጠብ መስኮቱ ላይ፣ ስትተኛ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው። ሰባተኛው ቀን ላይ መጥራት መቻሉን ለማረጋገጥ ሆዳን እንድትደውልላት ለመነቻት፤ ጠራ።

«ደህና ነው ወይ?»

«ከደህናም ደህና! ይበላል፣ ይቀልዳል። ትናንት ዳኛዋን በነፃ ሳቢያን አደረስኳት ብሎ ሲፎክር ነበር።»

«እኔን አይጠራም?»

«አንቺ እኮ ወርደሻል፣ ነጅዋ።»

እሑድ ሄዳ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ደንቡ አሁን አይከለክላትም፤ ውክልና የለም። ቃሲም የዱካውን ድምፅ ሰምቶ አንገቱን ሳያዞር «ወዴት ነሽ?» አላት፣ ለደንበኛ በሚባልበት አባባል።

«ወደ ከዚራ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

በደቻቱ አለፉ። አልተጣራም። በገበያው መታጠፊያም አልተጣራም።

«ልጅ የለህም?» አለችው።

«አለችኝ እንጂ። ትምህርት ቤት አድርሻት መምጣቴ ነው።» ክላክሱን እንደ ጨዋታ ነካ አደረገው። «ተቀይማኝ ነበር። አሁን ታርቀናል፤ አልሐምዱሊላህ።»

እኔ ነኝ ልትለው ትችል ነበር። ዞር በል፣ እየኝ፣ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው ልትለው ትችል ነበር። ግን የታረቃት የስምንት ዓመቷ ልጅ ናት፤ እሷን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ካነሳቻት ምናልባት ኩርፊያውም አብሮ ይነሳል። ከዚራ ሲደርሱ ወረደች። «ሂሳብ የለም» አላት፤ «መንገዴ ላይ ነሽ።»

በወሩ መጨረሻ መግለጫው መጣ። ውክልና ስለሌለ ያጠረ ነበር። «አባትዎ ደህና ናቸው። በዚህ ወር አልጠሩዎትም። የስሜት ሁኔታ፦ የተረጋጋ።» ነጅዋ ይህኛው እውነት እንደሆነ ታውቃለች። ለአቶ ልዑልሰገድ የጻፈችው ማመልከቻም፣ የሌሎቹ ስድሳ ሁለት ቤተሰቦች ስም የተያያዘበት፣ ኮሚቴ ፊት ቀርቧል። አሥራ ሦስት ወር ቀርቶታል።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ ሄደች። ግቢው አሁን የባትሪ መለወጫ ነው፤ በሩ ግን ያው የድሮው የብረት በር ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ስድስት ሰዓት እስኪሆን ጠበቀች። ሲሆን ለመዋያው መልእክት ልትልክ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች፤ የተናገረችው ቀስ ብላ ነው፣ ከወንበሩ ጀርባ በደንብ እንዲሰማ።

«አባዬ፣ ነጅዋ ነኝ። ተለቅቀናል። በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ መጥተህ ውሰደኝ።»

ደርሷል አለ ስልኩ። ጥቂት ቆይቶ፦ ተደምጧል።

ነጅዋ ከፀሐዩ ወደ በሩ ጥላ ገባ አለችና ጆሮዋን ወደ መንገዱ ሰጠች፤ ክላክሱ ሁለቴ ነው።